የጋሽ ድሬሰር ደብተር

ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር አፍንጫዬ የወይራ ጭስ ይፈልጋል። ያደግኩት ጉለሌ ነው። አያቴ እምዬ የሚካኤል ማኅበር ትጠጣ ነበር፤ የኅዳሩ ተራ ደግሞ ምንጊዜም የእሷ ነው። በሌላው ወር ጽዋው ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ይከርማል፤ ኅዳር ሲደርስ ግን ማኅበርተኛው ሁሉ አውቆ ለእሷ ይተውላታል። በ1986 ዓ.ም. አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ሥራዬም ጆግ ይዤ መቅዳት። ኧረ እንዴት ያለ ሥራ ነበር! ቀጂ የትም ይገባል፣ ማንም አያስወጣውም፣ የአዋቂ ጨዋታ ሁሉ በጆሮው ሥር ያልፋል። እስከ ዛሬ ከምወዳቸው ነገሮች ግማሹን የሰማሁት በዚያ ጆግ ሰበብ ነው።

ሽር ጉዱ የሚጀምረው ከጥቅምት መጨረሻ ነው። ጋኑ ከጓዳ ይወጣና በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ከዚያ በወይራ ጭስ ላይ ይደፋል። ጭሱ በጋኑ አፍ ዳር ዳር እየሾለከ ሲወጣ ቤቱም፣ ልብሳችንም፣ የትምህርት ቤት ደብተራችንም ሳይቀር ወይራ ወይራ ይሸታል። የተወቀጠው ጌሾ በውኃ ይጠነሰሳል፤ ቀን ተቆጥሮ ብቅሉ ይገባበታል፤ ገብሱ እስኪጠቁር ተቆልቶና ተፈጭቶ እንኩሮ ይሆናል፤ እንኩሮው ከጥንስሱ ጋር ሲገናኝ ድፍድፍ ነው። እምዬ በየደረጃው ክዳኑን ከፈት ታደርግና በመዳፏ ቀድታ ትቀምሳለች። «ገና ነው» ትላለች። በማግስቱም ትቀምሳለች። «ጌሾው አይሏል።» ውኃው ተጨምሮ ከተጠለለ በኋላ ጉሹን ቀምሳ፣ የጠራውን ቀምሳ፣ ቅራሪውን ሳይቀር ቀምሳ፣ «አሁን ይቀርባል» ስትል ለእኔ በዓሉ ያኔ ገባ።

ዳቦው ተባርኮ ተቆርሶ፣ ሰዉ እህል ቀምሶ ከተረጋጋ በኋላ ክርክሩ ይከፈታል። በሌሎቹ ወሮች ስለ መሬት፣ ስለ ልጅ ጋብቻ፣ ስለ ዕድር ይወራል። በእምዬ ቤት ግን፣ ጠላዋ ጥሩ ስለሆነ ይመስለኛል፣ ርዕሱ ሁሌ አንድ ነው፤ ጥቂት መጠጥ ለጤና ይበጃል ወይስ አይበጅም?

የክርክሩ አባት ጋሽ ድሬሰር ናቸው። የክርስትና ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሆነው ስለሠሩ ሥራቸው ስማቸው ሆኖ ቀረ። ከሰፈሩ ልጆች መርፌያቸውን ያልቀመሰ የለም። ማታ ማታ አጭር ሞገድ ሬዲዮ ያዳምጣሉ፤ የሰሙትንም ይዘው ማኅበር ይመጣሉ። የዚያን ዓመት ይዘው የመጡት ፈረንሳዮችን ነበር።

«ቅቤ ይበላሉ! አይብ ይበላሉ! ጮማ ይበላሉ!» እያሉ ጣታቸውን አንድ በአንድ ያጥፋሉ። «በልብ ሕመም የሚሞተው ግን አሜሪካዊው ነው። ለምን? ፈረንሳዩ በምሳው ላይ ቀይ ወይን አለችዋ!»

ወሬው ከየት እንደተነሣ ያወቅሁት ካደግኩ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 መገባደጃ ሲቢኤስ የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን «60 ደቂቃ» በሚለው ዝግጅቱ ይህንኑ የፈረንሳዮች እንቆቅልሽ አቀረበ፤ ሰርዥ ረኖ የተባለው ፈረንሳዊ ተመራማሪም መልሱ መጠጡ ሊሆን እንደሚችል ተናገረ። በዓመቱ ሐሳቡን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣው። አሜሪካ ውስጥ የቀይ ወይን ገበያ ደራ። ወሬው ባሕር ተሻግሮ ጉለሌ ሲደርስ ወይኑ ጉደር ሆነ፤ ጉደር በየጊዜው መግዛት የማይችለው ሰው ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ጠላ ሆነ። እንዴት ደስ ይላል! ከፓሪስ የተነሣ ክርክር እምዬ ሳሎን ውስጥ፣ ቄጤማ ላይ፣ ጆግ በያዝኩት በእኔ አናት ላይ ሲበር።

የንስሐ አባታችን መምሬ ይህን ሲሰሙ ጭራቸውን ወዝወዝ አድርገው ይስቃሉ። «ይኼንንማ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ጽፎለታል እኮ፤ ምን ሬዲዮ አስፈለገ?» ይላሉ። ጋሽ ድሬሰር አጋር አገኘሁ ብለው ፊታቸው ሲፈካ መምሬ መልሰው ይይዟቸዋል። «ግን ልብ ይበሉ፣ የታዘዘው ለታመመ ሰው ነው። ጢሞቴዎስ ሆዱን ያመው ነበር። እርስዎ ምንዎን አሞዎት ነው?»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔም ከማን ጋር እንደምሆን እየተቸገርኩ እቀዳለሁ። በር አጠገብ ደግሞ ሐጂ ይቀመጣሉ፤ የሰፈራችን ባለሱቅ፣ የእምዬ የረጅም ዘመን ጎረቤት። እምዬ ለእሳቸው ለብቻ ብርዝ ትበርዝላቸዋለች፤ ማሩ ገና ሳይፈላ፣ በአዲስ ዕቃ። ክርክሩ ሲጦፍ ብርዛቸውን ከፍ አድርገው «እኔንስ ለምን አትቆጥሩኝም?» ይላሉ። ሁሉም ይስቃል፤ የቆጠራቸው ግን አልነበረም።

የጋሽ ድሬሰር ትልቁ ምስክር አብዬ ነበሩ፤ የእምዬ ታላቅ ወንድም። አብዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠጪ ነበሩ፤ ያውም ደህና አድርገው። ፊታቸው የሚያበራ፣ ድምፃቸው ከግቢው ውጭ የሚሰማ፣ ልጅ ሁሉ የሚወዳቸው ሰው። በ1985 ዓ.ም. ሐኪም ጉበታቸውን አይቶ «ከዛሬ ጀምሮ እንዳይነኩ» አላቸው። ቃላቸውን ጠብቀው ተዉት፤ የኅዳሩ ማኅበር ላይ እኔ ራሴ ብርዝ ቀዳሁላቸው። በ1987 ዓ.ም. መጀመሪያ አረፉ። ለቅሶው ላይ ከድንኳኑ ጥግ እስከ ጥግ የሚወራው አንድ ነገር ነበር፦ ሲጠጡ ደህና ነበሩ፤ መጠጡን በተዉ በሁለት ዓመታቸው ሞቱ። እኔ አብዬን እወዳቸው ነበር፤ ያንን ስሰማ ብርዝ የቀዳሁባት እጄ ጥፋተኛ መሰለችኝ። ለልጅ ከባድ ነው ይኼ።

ከዚያ በኋላ ነው መምሬ «ማስረጃዎን ያምጡ» ያሏቸው። ጋሽ ድሬሰር በሚቀጥለው ወር ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ይዘው መጡ። የማኅበሩን ሃያ አራት ሰዎች ስም፣ ያረፉትን አብዬን ጨምረው፣ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈው፣ በየስሙ አንጻር በሰማያዊ «በልኩ ይጠጣል»፣ «ያበዛል»፣ «አይጠጣም» ብለዋል። አንድ ቦታ ደግሞ ለሞት ቀን ባዶ ተትቷል። «ጊዜ ይፍረደን» አሉ። መምሬም በደስታ ተስማሙ። አሁን ሳስበው ደስታው አቅሌን ያስተኛል፦ በዓለም ትልልቅ ተቋማት የሚሠራው የክትትል ጥናት የሚባለው ነገር እኮ ይኸው ነው! ሰውን መመዝገብ፣ ምን እንደሚጠጣ መጻፍ፣ ዓመታትን መጠበቅ፣ ማን ቀድሞ እንደሄደ መቁጠር። ሬይመንድ ፐርል የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ባልቲሞር ውስጥ ይህንኑ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1926 መጽሐፍ አሳትሟል፤ እሱም በልኩ የሚጠጡት ከማይጠጡትም ከሚያበዙትም በላይ ይኖራሉ አለ። እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ አርተር ክላትስኪ የተባለው የልብ ሐኪምና ጓደኞቹ ልባቸው ድንገት ከተመታ በሽተኞች መካከል ከመጠጥ የራቁት በርከት ማለታቸውን አሳዩ። ጋሽ ድሬሰር ሁለቱንም ሳያውቁ ጉለሌ ላይ የእነሱን መንገድ ያዙ።

ዓመታት ነጎዱ። ሰፈሩ ፈረሰ፣ ማኅበርተኛው ግማሹ ወደ አያት፣ ግማሹ ወደ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ተበተነ። የጠላ ቤት ምልክት የነበረው፣ እንጨት ላይ የሚገለበጠው ጣሳ ከመንገዳችን ጠፋ። ጠላውን ቢራ ተካው። በቴሌቪዥን ከዜና በፊትም ከዜና በኋላም ቢራ ሆነ፤ ልጆቻችን የቢራ ማስታወቂያ ዜማ ከመዝሙር ቀድመው ያወቁበት ዘመን ነበር። ከዚያ በ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣና በቴሌቪዥንና በሬዲዮ የአልኮል ማስታወቂያ ተከለከለ፤ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ መሸጥም እንዲሁ። ያ ጸጥታ ምንኛ ያምር ነበር! ቤቴ ውስጥ አንድ ሰው ወሬውን የጨረሰ ያህል ተሰማኝ።

ባለፈው ኅዳር 12 ማኅበሩን በእኔ ቤት ጠራሁ። የቀሩትን ብቻ ነው፤ ጥቂት ናቸው። ጋሽ ድሬሰር ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የልጅ ልጃቸውን ክንድ ይዘው ደረጃውን ወጡ፤ በብብታቸው ሥር ምን እንዳለ ሳይ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ደብተሩ! ጠርዙ ተቆርሷል፣ ቀዩ ቀለም ወደ ሮዝ ሄዷል፣ ሰማያዊው ግን እንዳለ ነው። የሞት ቀኖቹ በተለያየ እስክሪብቶ፣ በተለያየ የእጅ መንቀጥቀጥ ተሞልተዋል።

«እይው ልጄ» አሉኝ። «እኔ ነኝ ያሸነፍኩት።»

እውነትም ደብተሩ የሚለው እንደዚያ ነው። «ያበዛል» ከተባሉት አብዛኞቹ ቀድመው ሄደዋል፤ ይህ ማንንም አይገርምም። ግን «አይጠጣም» ከተባሉትም ብዙዎቹ ሄደዋል። መሃል ያሉት፣ በልካቸው የሚጠጡት፣ አንዳንዶቹ እዚሁ ሶፋዬ ላይ ተቀምጠው ዳቦ ይበላሉ።

የእህቴ ልጅ የኅብረተሰብ ጤና ተማሪ ናት። ደብተሩን ጠጋ ብላ አየችውና «ጋሼ፣ ልኩ ስንት ነው?» አለች። ይህንን ጥያቄ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ጠይቆ አያውቅም። ጋሽ ድሬሰር በእጃቸው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእምዬን ዋንጫ አሳዩ። «ሁለት ዋንጫ። ከሁለት ያለፈ ያበዛ ነው።»

ዋንጫውን አወረድነው። ቀንዱ ከእጅ ብዛት ለስልሷል፤ ከንፈር የሚነካው ቦታ ላይ ነጣ ብሏል። ውኃ ሞላንበትና ቁጥር ባለው የወጥ ቤት ጆግ ገለበጥነው። ስድስት መቶ ሚሊ ሊትር! ቤቱ ሁሉ ከበበን። ልጅቷ ስልኳ ላይ አሰላችው፦ ቤት የተጠመቀ ጠላ እንደ አጠማመቁ ከ2 በመቶ አካባቢ እስከ 6 በመቶ አልኮል አለው፤ 4 በመቶ ብንለው ዋንጫው 24 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል ይይዛል፤ አልኮል ከውኃ ስለሚቀል 19 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሁለት ዋንጫ 38 ግራም ሆነ። በንጽጽር 330 ሚሊ ሊትር የሆነች ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ገደማ ናት። ጠጅ ደግሞ ከጠላ ይበረታል፤ የእኔዋ ብርሌ 300 ሚሊ ሊትር ስለምትይዝ 10 በመቶ የሆነ ጠጅ ሲገባባት ብቻዋን 24 ግራም ናት።

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በቪዲዮ አብሮን የዋለው የአጎቴ ልጅ ከስልኩ ውስጥ ጮኸ። እሱ ዓመታዊ ምርመራ በሄደ ቁጥር በሳምንት ስንት መጠጥ እንደሚጠጣ ይጠየቃል፤ እዚያ አንድ መጠጥ ማለት 14 ግራም አልኮል ነው፤ ለወንድ በቀን ከሁለት፣ ለሴት ከአንድ እንዳያልፍ ሲባል ነው የኖረው። «እንግዲህ የእምዬ አንድ ዋንጫ አንድ ተኩል ሊሆን ምንም አልቀረው!» አለ። እንግሊዞች ደግሞ በ8 ግራም ነው የሚቆጥሩት። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2011 ለወንድ በሳምንት 15፣ ለሴት 10 ብላ የነበረችው በ2023 ዝቅተኛው አደጋ በሳምንት እስከ ሁለት መጠጥ ነው በሚል መመሪያ ተተክቷል። አያችሁ? «በልኩ» የምትለዋ ቃል ሁላችንም እኩል የምናውቃት መስላን ስንት ዘመን ተከራከርንባት፤ የእያንዳንዳችን ዋንጫ ግን ሌላ ነበር።

እኔን ግን አልጋ ላይ እንዳለ ልጅ ያስዘለለኝ የሚቀጥለው ነው።

ስለ መጠጥና ጤና የተጻፈ ባገኘሁ ቁጥር አነባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1988 ጄራልድ ሼፐር የተባለው ሐኪምና ባልደረቦቹ፣ ከ24 የብሪታንያ ከተሞች የተመዘገቡ 7,735 በመካከለኛ ዕድሜ ያሉ ወንዶችን ተከታትለው ላንሴት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። እነሱም እንደ ጋሽ ድሬሰር ደብተር የማይጠጡት ብዙ ሲሞቱ አዩ። ግን አንድ ጥያቄ ጨመሩ፦ እነዚህ የማይጠጡ ሰዎች እነማን ናቸው? ሲመለከቱ ብዙዎቹ ቀድሞ ጠጪ የነበሩ፣ ታመው ያቆሙ ሆነው ተገኙ። መጠጡን ስለተዉ አልታመሙም፤ ስለታመሙ ነው የተዉት!

ይህንን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ «አብዬ!» ብዬ ጮኼያለሁ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ የተባለው፣ በልጅነት እጄ ላይ የወደቀው ነገር፣ ያ ሁሉ ተገልብጦ የተነበበ ነበር። ደግሞስ የተሳሳትነው እኛ ብቻ መሰልናችሁ? የዓለም ሊቃውንትም ለአሥርት ዓመታት አብዬን «አይጠጣም» በሚለው ዓምድ ሥር ጽፈዋቸው ነበር። ጉለሌና ባልቲሞር አንድ ዓይነት ስሕተት ሠሩ፤ እኔ በዚህ እንዴት አልደሰት!

ይህንን ለጋሽ ድሬሰር ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡና ከሁሉም ዓምድ ቀጥሎ አዲስ መስመር አሰመሩ። ከላዩ ላይ «ለምን?» ብለው ጻፉ። ሰማንያ ስድስት ዓመት የሆነው ሰው ጥያቄ ሲጨምር ማየት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም።

አንድ በአንድ ሄድንባቸው። አብዬ፦ ጉበት። ቀጥሎ ያሉት ሴትዮ ስኳር ነበረባቸው፤ ጋሽ ድሬሰር ራሳቸው መርፌ ይወጓቸው ነበር። የሚቀጥሉት የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሲጀምሩ ነው ያቆሙት። አንዱ ደግሞ፣ በረንዳ ላይ የሚያድሩት ዘበኛ፣ ከማኅበር ቀን በቀር መግዣ አልነበራቸውም፤ «ድህነት» ብለው ጻፉ፤ ጽፈውም ቆዩበት። ተመልሰን መሃለኞቹን አየን፦ ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ መኪና የነበራቸው። ሥጋ የሚበሉ፣ ሐኪም ቤት የሚሄዱ፣ ልጆቻቸው የሚጦሯቸው። ምሳቸው ላይ አንድ ብርጭቆ ጉደር የሚያኖሩት ጉደሩን መግዛት ስለቻሉ ነው። በሕይወት ያቆያቸው ጉደሩ ነው ወይስ ምሳው?

እ.ኤ.አ. በ2023 ቲም ስቶክዌልን ጨምሮ የካናዳ ተመራማሪዎች 107 ጥናቶችን፣ ከ4.8 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ያሉባቸውን፣ ይህንን ሁሉ እያረሙ አንድ ላይ መረመሩ። ጥቂት መጠጣት ዕድሜ ያረዝማል የሚለው ጥቅም ሲታረም ሟሟ፤ ለሴቶች በቀን ከ25 ግራም፣ ለወንዶች ከ45 ግራም ጀምሮ ደግሞ የሞት አደጋው በግልጽ ከፍ ብሎ ታየ። የእኔዋ ብርሌ ለሴት ልጅ ድንበሩ ላይ ናት ማለት ነው።

ከሁሉም የምወደው ግን የቻይናውን ጥናት ነው። በምሥራቅ እስያ ብዙ ሰዎች አልኮል ሲጠጡ ፊታቸው የሚቀላ፣ ልባቸው የሚመታ፣ የሚያማቸውም አሉ፤ አልኮሉ ሰውነት ውስጥ አሴታልዴሃይድ ወደሚባል መርዝ ሲለወጥ እሱን ቶሎ የሚያስወግድላቸው ኢንዛይም ሲወለዱ ጀምሮ ደካማ ነው። ስለዚህ የሚጠጡት ትንሽ ነው። ይህ ዘር በሀብት፣ በሕመም ወይም በስለት አይመጣም፤ ከእናት ማኅፀን ነው። ከ500,000 በላይ ሰዎችን በመዘገበው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ላይ የወጣው ውጤት በዚህ መንገድ ተመለከተ፦ ሰዎች በራሳቸው አፍ እንደተናገሩት ሲቆጠሩ በልኩ መጠጣት ከስትሮክ የሚጠብቅ መሰለ፤ በዘራቸው ሲቆጠሩ ግን ጥበቃው ጠፋ፤ አልኮሉ በጨመረ ቁጥር የደም ግፊቱም ስትሮኩም ጨመረ። ሴቶቹ ተመሳሳይ ዘር አላቸው፤ ግን እምብዛም አይጠጡም፤ በእነሱ ላይ ግፊቱ አልተለወጠም። ጥፋተኛው ዘሩ ሳይሆን መጠጡ መሆኑ በዚህ ታወቀ። እንዲህ ያለ ብልሃት ሳነብ እጄን አጨብጭቤ አላቆምም!

መምሬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ይህንን ሁሉ ቢሰሙ «ካንሰሩስ?» ይሉ ነበር። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አልኮል መጠጥን ካንሰር አምጪ ከሚባሉት ከአንደኛው መደብ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው፤ ሼፐር በጻፈበት ዓመት። ያ ዜና ግን እንደ ፈረንሳዩ ወሬ ባሕር አልተሻገረም፤ ወደ እኛ ሬዲዮ አልደረሰም። የያኔው የአሜሪካ የጤና ሹም ቪቬክ መርቲ በጃንዋሪ 2025 ባወጣው ማሳሰቢያ ሰባት ዓይነት ካንሰሮችን ከአልኮል ጋር አያያዘ፤ የጡት፣ የአንጀት፣ የጉበት፣ የጉሮሮ እያለ ይሄዳል። የጡቱ በጥቂት መጠጥም ከፍ ይላል። እህቴ ይህንን ሰምታ ብርሌዋን አስቀመጠች፤ ማንም አላስገደዳትም።

ክርክሩ ግን አላለቀም፤ ደስ የሚለኝም ይኼ ነው። ከዚያ ማሳሰቢያ ከሳምንታት በፊት ብቻ የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚዎች ባወጡት ሪፖርት በልኩ የሚጠጡ ሰዎች ፈጽሞ ጠጥተው ከማያውቁት ይልቅ የሞት አደጋቸው ዝቅ ያለ ሆኖ መታየቱን ጻፉ፤ የጡት ካንሰሩም ከፍ ማለቱን ጭምር። ሁለቱንም ጎን ለጎን አንብቡ፤ መምሬና ጋሽ ድሬሰር ናቸው! ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ግማሹን አጠጥቶ ግማሹን ከልክሎ ማየት ነው እውነተኛው ፍርድ። አሜሪካኖቹ 7,800 ሰዎች ላይ ሊያደርጉት ጀምረው፣ ገንዘቡ ከመጠጥ ኩባንያዎች መለመኑ ሲታወቅ እ.ኤ.አ. በ2018 ተቋረጠ። ስፔን ውስጥ ደግሞ የናቫራ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች 10,000 ጠጪዎችን፣ ከ50 እስከ 75 ዓመት የሆናቸውን፣ ለሁለት ከፍለው «በልካችሁ ቀጥሉ»፣ «ተዉት» እያሉ መከታተል ጀምረዋል። ውጤቱን በጉጉት እጠብቃለሁ። እስከዚያ ግን ሐሳቤን አልደብቅም፦ ለጤናዬ ብዬ አንድም ጉንጭ አልጠጣም፣ ልጄንም «ለልብሽ ይበጅሻል» አልላትም።

ጋሽ ድሬሰር ቅጠሉን ገለጡ። ከመጨረሻው ስም በታች ትንሽ ባዶ ቦታ አለ። «ሐጂን እኮ አልቆጠርናቸውም» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ማኅበርተኛ ስላልነበሩ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንዲት ጠብታ ያልቀመሱ፣ ላለመጠጣታቸው ምክንያቱ ሕመም ያልሆነ፣ ድህነትም ያልሆነ፣ ደብተሩ አጥብቆ የሚፈልገው ሰው እሳቸው ነበሩ፤ በር አጠገብ ተቀምጠው ስንት ዓመት ነገሩን። ስማቸውን በቀይ ጻፍንላቸው። «ለምን?» በሚለው ሥር «ሃይማኖት»። የሞት ቀናቸውንም የእህቴ ልጅ ለልጃቸው ደውላ ጠየቀችና ሞላችው፤ ሰማንያ ስምንት ዓመት ኖረዋል።

አንድ ሰው ቀረች። የመጀመሪያው መስመር ላይ ያለችው እምዬ ናት። ጋሽ ድሬሰር እሷን ለመጨረሻ ያስቀሯት አውቀው ነው። «አትጠጣም» ይላል፤ ሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፤ ያሰመሩበት መምሬ ናቸው። ዘጠና ሦስት ዓመት ኖራ፣ ጆሮዋ እየሰማ ዓይኗ እያየ ነው የሄደችው፤ የመምሬ ወደር የሌላት ምስክር። ስትጠምቅ ኖረች፣ አንዲት ዋንጫ አንሥታ ግን አይተናት አናውቅም።

«ለምን?» አሉ ጋሽ ድሬሰር እስክሪብቷቸውን አዘጋጅተው።

አፌን ልከፍት ስል ያ የወይራ ጭስ መጣብኝ። የጋኑ ክዳን። መዳፏ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ትቀምስ ነበር እኮ።»

«ምኑን?»

«ጥንስሱን። ድፍድፉን። ጉሹን፣ የጠራውን፣ ቅራሪውን። በየቀኑ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቃቸው ወጣ፣ ቤቱን ሞላው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግም በስልኩ ተመለሰ። የእህቴ ልጅ ዓይኗን እየጠረገች፣ በጥናቶቹም ውስጥ እንዲህ አልፎ አልፎ የሚቀምሱ ሰዎች «አይጠጡም» ተብለው ተቆጥረው እንደነበር፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ2006 ኬይ ፊልሞር የተባለች ተመራማሪና ጓደኞቿ የነቀሱት ስሕተት መሆኑን ለመናገር ሞከረች፤ ማን ይስማት!

ጋሽ ድሬሰር «አትጠጣም» የሚለውን በቀስታ ሰረዙት። እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ሳያነሡ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንድ መዳፍ ስንት ግራም ይሆናል?»

ተነሥቼ ጆጉን ላመጣ ወደ ጓዳ ሮጥኩ።